ደግነታቸው አላሰነፈንም
ስለ ጥሩ አለቃ ያነበብኩት ጽሑፍ «ጥሩ ኃላፊ የሚለካው በቁጥጥሩ ጥብቅነት ነው» ማለቱን አልቀበልም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው መሐል ሜዳ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ሥራ ስጀምር የተቀበሉኝ አለቃዬ ያስተማሩኝ ቢሮ ተቀምጠው ሳይሆን በውርጭ ጠዋት ከገበሬው በረት ደጃፍ ቆመው ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ለበርኖስና ለባና እንደሚሆን ማን የማያውቅ አለ፤ ያንን ጠጉር በጣታቸው ገለጥ አድርገው እከኩ ከየት እንደሚጀምር ያሳዩኝ ግን እሳቸው ናቸው። የክትባት መዝገቡን ተሳስቼ የሞላሁ ዕለትም በሰው ፊት አልገሠጹኝም፤ ሁሉም ከወጣ በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን መሥመር በእርሳስ አብረውኝ አረሙ። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ደግ አለቃ ሠራተኛ ያሰንፋል» ያሉት አስተያየት ሰጪ ይህንን ቢያዩ ደስ ባለኝ፤ እኛ እሳቸውን ላለማሳፈር ስንል ማንም ሳያዘን እናመሽ ነበር። ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።