ጎበዙ ሠርቶ ሌላው ከገለበጠ የቡድን ሥራ አይባልም

የሒሳብ መምህር «በቡድን ሥሩ» ሲል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎበዙ እስክሪብቶውን ያነሳል። ሌሎቹ እስኪጨርስ ጠብቀው ይገለብጣሉ። ነጥቡ ግን ለሁሉም እኩል ይያዛል።

እንዲህ ስለሆነ የቡድን ሥራ ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። መታየት ያለበት ልጆቹ ምን እንደሚነጋገሩ ነው።

ግማሽና ሲሶን ደምሩ ተባለ እንበል። አንዷ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ «ሁለት አምስተኛ» አለች። ጓደኛዋ «ተሳስተሻል፣ አምስት ስድስተኛ ነው» ካላት ሰርዛ ትጽፋለች፤ በፈተና ቀን ያንኑ ስህተት ትደግማለች። «ቆይ እስቲ፣ ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ቀነሰ?» ካላት ግን ነገሩ ይለወጣል። ስህተቱን ራሷ ታየዋለች። «ታዲያ ስድስተኛው ከየት መጣ?» ብላ ስትጠይቀው ደግሞ ተራው የእሱ ነው። በቃሉ የያዘውን ዘዴ ማስረዳት ሲጀምር፣ የቱ ጋ በደንብ እንዳልገባው ያውቀዋል።

ተመራማሪዋ ኖሪን ዌብ የቡድን ሥራን ለዓመታት አጥንተዋል። ያገኙትም ይህንኑ ነው። ለጓደኛው በዝርዝር የሚያስረዳ ተማሪ ይጠቀማል። መልሱ ብቻ የተነገረው ተማሪ ብዙም አያተርፍም።

መደማመጥም ሌላ ጣጣ ነው። ብሪጂድ ባሮን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ችግር ሲፈቱ ተመልክተዋል። ባልተሳካላቸው ቡድኖችም ትክክለኛው ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ የሚሰማው ነው ያጣው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። «ሒሳብ አይችልም» የተባለ ልጅ እውነቱን ቢናገር እንኳ ማን ጆሮ ይሰጠዋል?

ስለዚህ ጥያቄው ራሱ የሚያነጋግር ይሁን። አሥር ተመሳሳይ መልመጃ ከተሰጠ ልጆቹ ተከፋፍለው ይሠሩታል፣ አለቀ። በሁለትና በሦስት መንገድ የሚፈታ አንድ ጥያቄ ይሻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። ግን ሳይገባቸው የታለፈ ምዕራፍም ለክለሳ ሌላ ጊዜ መብላቱ አይቀርም።

መምህሩም ወደ ቡድኑ ሲመጣ ዝም ያለውን ልጅ «እንዴት አገኛችሁት?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ማስረዳት ካቃተው መልሱን አይንገረው። «ተነጋገሩበት፣ እመለሳለሁ» ብሎ ይሂድ። ሲመለስም ያንኑ ልጅ ይጠይቅ።