አተላው ከመኮምጠጡ በፊት

ጎረቤቴ አራት የወተት ላሞች አሏት። በሳምንት ሁለት ቀን ባጃጅ ተኮናትራ የቢራ አተላ ታስመጣለች። ጆንያው እያንጠባጠበ ግቢ ሲገባ ሽታው መንደሩን ያዳርሳል። ትኩሱ እንደ ጠላ ድፍድፍ ነው፣ ደስ ይላል። በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ጆንያውን ፈታ እጇን ሰደደችበት። አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ ወጣ። ለአፍታ ዝም ብላ እጇን አየችው። ከዚያ "በል ና፣ አንድ ጎኑን ያዝልኝ" አለችኝ። ጎትተን ከአጥሩ ውጭ ደፋነው። የተደፋው ገንዘቧ ነው። ላሞቹ የዚያን ዕለት ጭድ ብቻ በሉ፣ ማታውኑ ወተቱ ቀነሰ።

ሰሞኑን በየስብሰባው "ዑደታዊ ኢኮኖሚ" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ጆንያ ነው ትዝ የሚለኝ። ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። የአንዱ ተረፈ ምርት ለሌላው ጥሬ ዕቃ ይሁን፣ የሚጣል ነገር ይነስ ማለት ነው። ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ኑግ ከተጨመቀ በኋላ ፋጉሎው ወደ ከብት ማድለቢያ ይሄዳል። ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሠራበታል። ባዶ የቢራ ጠርሙስ ከነሳጥኑ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ብረት መጨረሻው ማቅለጫ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝቡ ያለ ማንም ድጎማ ሲሠራው ኖሯል። መንግሥት ፖሊሲ ሲያወጣ ከእነዚህ ሰዎች ቢጀምር እላለሁ።

አተላውን ልመለስበት። ጎንደር ዳሸን ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ ናት። ቢራ በተጠመቀ ቁጥር ከ100 ሊትር ወደ 20 ኪሎ ገደማ እርጥብ አተላ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ ይከብዳል፣ ሩቅ አይጓዝም፣ ቶሎ ይበላሻል። ውሃው ሲወጣለት ግን ከሚቀረው ደረቅ ነገር አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ለወተት ላም ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ማቆያ ዘዴውም የታወቀ ነው። ውሃውን ጨምቆ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይቻላል። ወይም ከፉርሽካ ጋር ቀላቅሎ፣ አየር እንዳይገባው ጠቅጥቆ መዝጋት። እንዲህ ከተያዘ ለሳምንታት ይቆያል። ለዚህ የሲሚንቶ ወለል፣ ጣሪያና መጭመቂያ ያስፈልጋል። አንዲት ሴት በአራት ላም ይህን ብቻዋን አትችለውም።

መንግሥት ደግሞ ሼድ መስጠት ያውቅበታል። ለብሎኬት፣ ለብረታ ብረት፣ ለእንጨት ሥራ ለተደራጁ ወጣቶች ሲሰጥ አይተናል። ለተረፈ ምርት ማቀነባበሪያስ ለምን አይሰጥም? ጊዜው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መንገድ በተዘጋ ቁጥር የመኖ ዋጋ የሚሰቀለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ መኖ ከየትኛውም ኬላ ማለፍ አይጠበቅበትም።

ዴንማርክ ውስጥ ካሉንድቦርግ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ስለ ኢንዱስትሪ ኢኮሎጂ፣ ማለትም ፋብሪካዎች አንዱ የሌላውን ተረፈ ምርት ስለሚጠቀሙበት አሠራር፣ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስሟን ያነሳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 ከነዳጅ ማጣሪያው የሚተርፈው ጋዝ ለጎረቤት የጂፕሰም ፋብሪካ መሸጥ ጀመረ። በኋላም የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ወደ መድኃኒት ፋብሪካው ሄደ። ኢንሱሊን ሲመረት የሚተርፈው እርሾ የአሳማ መኖ ሆነ። ይህን ማንም ሚኒስቴር አላዘዘም። የፋብሪካዎቹ ኃላፊዎች ይተዋወቁ ነበር፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተዋዋሉ። ሆኖም የመንግሥት እጅ ከጀርባ ነበር። ውሃና አየር መበከል ገንዘብ ያስከፍል ስለነበር መጣል አላዋጣቸውም። ቻይና ደግሞ በቀጥታ በሕግ ሄደችበት። ዑደታዊ ኢኮኖሚን የሚያበረታታ ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለች።

እኛ ከልካዩን ክፍል ጀምረናል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሏል። ጠርሙስና ቆርቆሮ አምራቹ ወይም አስመጪው መልሶ የሚሰበስብበትን ዘዴ እንዲዘረጋም አዟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። እደግፈዋለሁ። የአንገረብንና የቀሃን ወንዞች ዳር በክረምት ያየ ሰው ሁሉ ይደግፈዋል። ግን ፌስታሉን ስንነሳት እናት ሽንኩርቷን በምን ትያዝ? ዘንቢል የሚሰፉ እጆች እዚሁ አሉ። ብድሩና የመሸጫ ቦታው ከቅጣቱ ጋር አብሮ ይምጣላቸው።

ሁለቱ ወንዞች ደግሞ እዚህ አይቀሩም። ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም ወደ ጣና። እምቦጭ ጣና ላይ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የመገጭ መግቢያ ነው። ይህ አረም ውሃው ውስጥ በገባው ንጥረ ነገር ነው የሚፋፋው። ቅዳሜ ገበያ ላይ የምንጥለው የበሰበሰ ቲማቲምና ጎመን ጎርፍ ከወሰደው የደንቢያውን አሣ አጥማጅ መረብ ድረስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከቤት ቤት በጋሪ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት አሉን። ክፍያቸው በጫኑት መጠን ከሆነ ማንም አይለይም፤ የጎመኑ ቅጠልና የሃይላንዱ ፕላስቲክ አንድ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ለለየ ይጨመርለት። የገበያው የአትክልት ትራፊ ኮምፖስት ይሁን። የኮሪደር ልማቱ ዛፍና አበባ ሲተከል ከተማው ማዳበሪያውን ከእነዚሁ ማኅበራት በውል ይግዛ። የአንድ ዓመት የግዢ ውል በእጁ የያዘ ማኅበር ብድር ይጠይቃል፣ ጋሪውን ወደ ባለሞተር ይቀይራል፣ ሁለት ሰው ይጨምራል። ከብዙ ሥልጠና ይልቅ አንድ እርግጠኛ ገዢ ይጠቅማቸዋል።

ያን ጆንያ ከደፋን በኋላ ከጎረቤቴ ጋር በሰፈራችን አተላ የሚያስመጡትን ቆጠርን። አሥራ አንድ ቤት ሆኑ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላቸው። የጠየቁት ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለልና አንድ መጭመቂያ ነው። ሁሉም ፈርመው አስገብተዋል። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ክረምቱ ሳይገባ መልስ እንዲሰጧቸው እጠይቃለሁ።