ግልጽ ደብዳቤ ለሳሎናችን ፊከስ

ለ፦ ክቡር ፊከስ ቤንጃሚና
ሳሎን፣ የመስኮቱ ጥግ

ጉዳዩ፦ የቅጠል ማራገፍ ተግባርዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ጤናዎን አንጠይቅም፤ መልሱን በየጠዋቱ ወለሉ ላይ ተበትኖ ስለምናገኘው።

ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነው ሶፋ ነው። አዲሱ ሶፋ ሲገባ ቦታ ጠበበና እርስዎን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ አደረግንዎት። በአክብሮት፣ ለሁለት ተሸክመን። እርስዎ ግን ከአገር የተባረሩ ያህል ተቆጥተው ራስዎን ሊላጩ ምንም አልቀረዎትም። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው አዩና «ዓይን በልቶት ነው» አሉ። ዓይን አልበላዎትም። የለመዱት ብርሃን ሲቀንስ ቅጠል መጣል የታወቀ አመልዎ ነው፤ ለአዲሱ ቦታ የማይሆነውን አራግፈው የሚሆነውን ያበቅላሉ። መልካም፣ መብትዎ ነው እንበል። ታዲያ ሻጩ «ይህ ምንም አያስቸግርም» ሲለን ምነው ዝም አሉ?

በዚህ ከተማ ቤት መቀየር የሚያማርር ፍጡር ቢኖር ተከራይ ነው። እሱ እንኳን ፍራሹን በገመድ አስሮ፣ ድስቱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ያድርና በማግስቱ ጸጉሩ ሳይረግፍ ሥራ ይገባል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሰጠው ዋስትናም ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ነው። እርስዎ ያለ ውልና ያለ ቀብድ የቤቱን ምርጥ ብርሃን ይዘው፣ ዕድሜ ልኬን አትንኩኝ ይላሉ።

የሚፈልጉትንም በግልጽ አይናገሩም። ብርሃን ይወዳሉ፤ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካረፈብዎት ግን ይቃጠላሉ። ውሃ ሲያንስዎት ያራግፋሉ። ሲበዛብዎትም ያራግፋሉ። በአንድ ምልክት ሁለት ተቃራኒ በሽታ የሚታመሙ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን እየቆጠብን የምናጠጣዎት እኛ፣ አፈርዎ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል መድረቁን በጣት ሳናረጋግጥ ጠብታ ማፍሰስ ተከለከልን፤ ከሥር ያለው ሳህን ውስጥ ውሃ ተኝቶ ካደረ ሥርዎ ይበሰብሳልና። ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ መጠጥ ቀንሰው፣ ቅጠልም ቀንሰው ይከርማሉ። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሁሉ «ጠምቶት ነው» እያለ የብርጭቆውን ትራፊ ይደፋብዎታል። እትዬ ደግሞ የቡና አተላ ጨመሩበት።

ስለ አየር ማጽዳት ዝናዎም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ1989 የናሳ ተመራማሪዎች በታሸገ ክፍል ውስጥ ከፈተኗቸው ዕፅዋት አንዱ እርስዎ ነበሩ፤ ጎጂ ኬሚካሎችን ከአየር እንደሚቀንሱም ተመዝግቦልዎታል። ይህንኑ ምስክር ወረቀት አንጠልጥለው በየባንኩና በየሆቴሉ መግቢያ ሲኮሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን ሒሳቡን ሠራው፦ አንድ ሕንፃ እንዲሁ ከውጭ የሚያስገባውን አየር ያህል ለማጽዳት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ያህል ፊከስ ከገባ ለቅቀን የምንወጣው እኛ ነን። መስኮት መክፈት ይሻላል እንዳንል፣ መስኮት ስንከፍት ነፋስ መታኝ ብለው ያራግፋሉ።

ይባስ ብለው ደባል አስገቡ። ቅርፊት መስለው ግንድዎ ላይ የተለጠፉት ቡናማ ተባዮች ማንን አስፈቅደው ገቡ? እርስዎን እየመጠጡ የሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ወለሉን አጣበቀው፤ ጉንዳኑም ወሬውን ሰምቶ ተሰልፏል። በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ እየጠረግን የምናስወጣቸው እኛው ነን፤ አጋጣሚውን ተጠቅመውም አቧራዎን ያስጠርጋሉ።

ከዘር እንዳንል ዘርዎ ጨዋ ነው። ዋርካና ሾላ የቅርብ ዘመዶችዎ ናቸው። ዋርካው ስንት አህያ ታስሮበት፣ ስንት ባለጋራ ተሳድቦና ታርቆበት ቆሟል። ሾላውም ዘኬዎስን የሚያህል ቀራጭ ተሸክሞ አንዲት ቅጠል ጣለ ተብሎ በወንጌል አልተጻፈም። እርስዎም ቢሆኑ በትውልድ አገርዎ በእስያ እስከ 30 ሜትር የሚያድጉ፣ በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ በቅለው ሥርዎን ቁልቁል በመስደድ ተሸካሚዎን አንቀው የሚይዙ ጉልበተኛ ነዎት። ባንኮክ የከተማዋ ዛፍ አድርጋ ሾማዎታለች። እዚያ እንዲያ የሆነ ሰው እዚህ በሶፋ ይደነግጣል?

ስለዚህ ወደ መስኮትዎ እንዲመለሱና ዳግም እንዳይነኩ፣ ሶፋውም ለጊዜው ኮሪደር ላይ እንዲቆይ የተወሰነ መሆኑን እየገለጽን፣ በምላሹ አዲስ ቡቃያ በአስቸኳይ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ኪራይ ከፋዮች

ግልባጭ፦
ለድመታችን፦ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት መርዝ መሆኑን አውቃ ከመላስ እንድትቆጠብ
ለእትዬ፦ የቡና አተላውን በሚመለከት
ለዋርካው፦ እንደ ዘመድነቱ ለሽምግልና እንዲቀመጥ