«እዚያ ሐበሻ አለ?»

ቤተሰብ ይዘን ኮስታሪካ ልንገባ ነው ስንል ከሰው አፍ የሚወጣው አንድ ጥያቄ ነው። «እዚያ ሐበሻ አለ?» ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚጠይቅ የለም። ስለ ቪዛው፣ ስለ ሕክምናው፣ ወፍ የለም! ሰሞኑን ክርስትና ቤት አንዱ ጉርሻውን እንኳ ሳይውጥ ጠየቀኝ። «የለም» ስለው ሐዘን እንደደረሰበት ሰው አየኝ።

እሺ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ጠፍቶ ያውቃል? ሥጋ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ የኛው ነው። ታዲያ እኔና ይሄ ሰውዬ የምንገናኘው ወይ ለቅሶ ነው ወይ ክርስትና። በመሀል በመሀል «እንደዋወል» እንባባላለን። ማንም አይደውልም።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ትሻላለች። በስልክ ነገርኳት።

«የት ነው ደግሞ እሱ?»

«ከሜክሲኮ በታች ነው፣ አክስቴ።»

«ሳር ቤት ነው በለኛ!»

አገሩ ሳር ቤት አለመሆኑን ካስረዳኋት በኋላ ትንሽ ዝም አለችና «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላኝ ቁጭ።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። ግን አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለው። ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ተበዳሪዋ ነው። ስለ አበዳሪዋ ማን አሰበ? ያቺ ምስኪን ሳይቸግራቸው መጥተው የወሰዱባትን ጤፍ መልሳ አገኘችው ወይ? ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ የምናውቀው ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን «ለዚህች ፋሲካ ብቻ» ብሎ ወሰደ። ፋሲካ አለፈ። እንቁጣጣሽ መጣ። ገና መጣ። ለጥምቀት ጋበዙንና በገዛ ምጣዳችን የተጋገረ እንጀራ አቀረቡልን። ባለቤቴ «እጅሽ ይባረክ» አለቻት! እኔ ምጣዱን በዓይኔ ስፈልግ ወጡ ቀዘቀዘብኝ። አሁን የምንይዘውን ዕቃ ስንጽፍ ከሁሉ በላይ የተጻፈው እሱ ነው። ግን ማን ሄዶ ይጠይቅ? «ኮስታሪካ ጤፍ ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ትላለች። አውቃታለሁ።

ስለ አገሩም ቢሆን ሰው ከመጠየቅ መፍራት ይቀናዋል። ኮስታሪካ ሠራዊቷን እ.ኤ.አ. በ1948 አፍርሳለች፤ እስከ ዛሬም ያለ ጦር ትኖራለች። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ማን ሊጠብቃችሁ ነው?» አሉኝ። ወገኖቼ፣ ሠራዊት ባለበት አገር አድገን ማን ጠበቀን?

አድራሻቸውማ የኛው ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ደቡብ» ይሉሃል፣ አለቀ። ዋና ከተማዋ ሳን ሆሴ አጠገብ ሳን ፔድሮ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። ዋርካው ከጠፋ ቆይቷል። ሰዉ ግን አሁንም «ከድሮው ዋርካ ይህን ያህል ሜትር» እያለ መንገድ ያሳያል። በፈረሰ ሲኒማ ቤትና በተዘጋ ዳቦ ቤት እየተመራ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ እዚያ የሚጠፋ ይመስላችኋል?

ቪዛው የባለቤቴ ጉዳይ ነው። ሥራዋ በኢንተርኔት ስለሆነ የርቀት ሠራተኞች የሚባለውን ትሞክራለች። ቤተሰብ ይዞ ለሚገባ በወር 4000 ዶላር ገቢ ማሳየት ይጠይቃል። ይህንንም አንዱ ሰምቶ «ያንን ያህል ታገኛለች እንዴ?» አለኝ። እሱ ብቻ ስለ ሐበሻው መጠየቁን ረሳ።

ሐበሻ ያልኩትን ሳልጨርስ። በዚያ አገር ያለፈ ሐበሻ ሞልቷል። ከብራዚል ተነስቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ ፓናማን፣ ኮስታሪካን፣ ኒካራጓን እያለ ወደዚህ የመጣ ወገን አለ። «እዚያ ሐበሻ አለ?» ተብሎ መጠየቅ የነበረበት ለነሱ ነበር። ውሃ የሚያቀብል፣ ስልክ የሚያስደውል ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና። ያኔ ይህ ሁሉ ጠያቂ የት ነበር? እኛ ልጆቻችንንና ሻንጣችንን ይዘን በአውሮፕላን ለምንሄደው ነው እንዴ የሚታዘነው?

ለማንኛውም፣ ዝናባቸው ከግንቦት እስከ ኅዳር ስለሆነ ወረቀቱ ከደረሰ በታኅሣሥ እንገባለን። ሻንጣ መሸከፍ ጀምረናል። ምጣዳችንን የወሰዳችሁ፣ ስልካችን ያው የድሮው ነው። ክዳኑንም አትርሱ።