ይድረስ ለክቡር አቶ ሪበን፣ በማይክሮሶፍት ወርድ መስኮት አናት ላይ ለተንሰራፉት የትእዛዝ ቁልፎች ሰሌዳ

ጉዳዩ፦ ለአንዲት ቁልፍ ማስቀመጫ ቦታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከእርስዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በወርድ 2007 የድሮዎቹን ሜኑዎች ከነቱልባሮቻቸው አሰናብተው ወንበሩን ሲይዙ፣ በቀላሉ የምናስተካክላት ከላይ ጥግ ላይ የቀረችውን ትንሿን የቁልፎች መደዳ፣ ክዊክ አክሰስ ቱልባርን፣ ብቻ ነበር። እርስዎን ለመንካት የ2010ሩን እትም መጠበቅ ግድ ሆነ። በርግጥ የቀድሞዎቹም ጻድቃን አልነበሩም። የወርድ 2000 ሜኑ ብዙ ያልተጠቀምንበትን ትእዛዝ በራሱ ሥልጣን ይደብቅ ነበር፤ ከስተማይዝ ውስጥ አንዲት ምልክት ሲነሳበት ግን አደብ ይገዛ ነበር።

የእርስዎ ደንብ ሌላ ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከስተማይዝ ሪበን ተገብቶ፣ ትእዛዝ ተመርጦ፣ ሆም በሚባለው ታብ ውስጥ ያለው ፎንት ግሩፕ (የቁልፎች ምድብ) ተነክቶ አድ ሲባል "ባለጉዳዩ ራሱ ባላቋቋመው ግሩፕ አይገባም" ይላሉ። እናም መጀመሪያ ኒው ግሩፕ፣ ቀጥሎ ሪኔም፣ ከዚያ አድ። ከነባር ግሩፕ አንዲት ቁልፍ ለብቻዋ አትወጣም፤ ወይ ግሩፑ በሙሉ ይነሳል፣ ወይ ሁሉም ይቀመጣል። ነባር ታብ ደግሞ ይደበቃል እንጂ አይሰረዝም። ቀበሌ እንኳ እንዲህ አያመላልስም! የሚፈለገው ትእዛዝ ከታጣ ዝርዝሩ ፖፑላር ኮማንድስ ላይ ስለሚከፈት ነው፤ ሲሳይ ያለው ኮማንድስ ኖት ኢን ዘ ሪበን የሚለው ውስጥ ነው። መስኮቱ ሲጠብ ያቋቋምነው ግሩፕ ተጨፍልቆ አንድ ቁልፍ እንዳይሆን፣ በታቦቹ ዝርዝር ውስጥ ግሩፑን በቀኝ ጠቅ አድርጎ የቁልፎቹን ስም የሚደብቀውን ሃይድ ኮማንድ ሌብልስን መምረጥ ቦታ ያስገኛል።

የኤክስፖርት ችሮታዎም ይቆየን። ማስተካከያችን የተቀመጠበት ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ኢምፖርት ሲደረግ፣ እዚያ የነበረውን የሪበንና የቱልባር ማስተካከያ ጠርጎ ነው የሚገባው። የኪቦርድ አቋራጮች ደግሞ አብረው አይጓዙም፤ ኖርማል የሚባለው ቴምፕሌት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ጸሐፊዎች ሁሉ በአንድ የዊንዶውስ አካውንት በሚሠሩበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ የራሱን ስህተት ሊያርም ሪሴት ላይ "ሁሉንም" ያለ እንደሆነ የባልደረቦቹ ቁልፎች፣ ከትንሿ ቱልባር ጭምር፣ አብረው ይቀበራሉ።

ስለዚህ ሙግቱን ትተናል። የፈለግነውን ቁልፍ በቀኝ ጠቅ አድርገን ክዊክ አክሰስ ቱልባር ላይ እንጨምራለን። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ በአልትና ከ1 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ይጠራሉ። አሥረኛው አልት፣ ከዚያ 0፣ ከዚያ 9 ስለሚል ዘጠኝ ላይ እናቆማለን። እርስዎን በኮንትሮልና ኤፍ1 አጥፈናል፤ ስንፈልግዎ በደብዳቤ እናስታውቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለጉዳዮች

ግልባጭ፦
ለክዊክ አክሰስ ቱልባር፣ ከሪበኑ በታች ተዛውረው እንዲሠሩ