ጎበዙን ልጅ መምህር ሁን እንበለው?

ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ መምህርነትን ልምረጥ ወይ ብሎ ቢያማክረን ምን እንመልስለት? በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንደኛዋ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራሉ። ሁለተኛው ማስተማር ትተው ዛሬ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው።

መምህርቷ፦ እኔ አዎ እለዋለሁ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው የሚመደበውም ለማስተማር ነበር። የአውራጃ ከተማው ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በአካል ያየው ያኔ ነው። የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) የተባሉት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችና የህንድ መምህራንም በዚያው ዘመን ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ሰው ይጠይቁ፤ የወረዳ ገዥውን ስም ረስተው የእንግሊዝኛ መምህራቸውን ከነአረማመዱ ያወሩልዎታል።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ መምህርት፣ ይህ ምሳሌ እኮ የሚረዳው እኔን ነው። እነዚያ ጎበዞች ዓመታቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ዲግሪያቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። እዚያው የቀረው መምህር የካቲት 1966 ሥራ አቁሞ ወጣ። ምክንያቱ ደመወዙ ነበር፤ የብዙኃኑን ልጅ ትምህርት በአራት ዓመት ይገታል ተብሎ የተፈራው ሴክተር ሪቪው የተባለው የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የሚያደርስ የደረጃ ዕድገት አለ፤ አከራይ ግን ከፍተኛ መምህር ሆንክ ብሎ ኪራይ አይቀንስልህም። ሥራህ ምንድነው ሲባሉ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብለው የሚያልፉ ባልደረቦች ነበሩኝ። ገጠር የተመደበው ደግሞ ዝውውር ሲጠባበቅ ልጆቹ ያድጋሉ። ማታ ሮስተር (የተማሪ ውጤት መዝገብ) ይሠራል፣ ቅዳሜ የሰው ልጅ ቤት ለቤት ያስጠናል፤ የራሱን ልጅ የሚያስጠናበት ሰዓት የለውም። ይህን ሁሉ «ክብር አለው» ብለን እናካክሰዋለን። ክብሩን ማንም አይነሳው፤ እኔ የምጠይቀው የወር አስቤዛውን ነው።

መምህርቷ፦ በደመወዙ አልከራከርዎትም። የትግራይ መምህራን በጦርነቱ ሰበብ ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ቆይተዋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል። ግን የ2014ን የ12ኛ ክፍል ውጤት እናንሳ። ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በዓመቱ 3.2። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። በ10+3 ዘመን፣ ማለትም ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ሠልጥኖ መምህር በሚሆንበት ጊዜ፣ ወደ መሰናዶ ማለፍ ያልቻለውን ልጅ ወደ መምህራን ኮሌጅ ስንልክ ኖረናል፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት ለብቻው እንዲያስተምር ያደረግነውም እሱን ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እዚያ ክፍል ማንበብ ሳይለምድ ያለፈ ልጅ እኔ ጋ ሲደርስ የኒውተንን ሕግ በእንግሊዝኛ ላስረዳው? ጎበዝ ሰው የሚያስፈልገን ታች ነው። ጎበዙን «አንተ ሐኪም ሁን» እያልን ማን ሊገባ ነው?

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ምርመራዎ ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነ። ደመወዙ ይስተካከል፣ ጎበዙ ራሱ ይመጣል፤ እስከዚያው ልጁን ምን አድርግ ልበለው፣ በረሃብ አገርህን አገልግል? መንግሥትስ መምህሩን ያምነዋል? በ1997 ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ሲመጣ ትምህርቱን በሳተላይት የሚሰጠው ሌላ ሆነ፤ የክፍሉ መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው። ተማሪው «ቴሌቪዥን ከፋች» እያለ ይቀልድበት ነበር። በሙያው የቆየ ሰው በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሲደረግ ያየ ልጅ መምህርነትን ይመርጣል?

መምህርቷ፦ ፕላዝማውን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። መብራት ሲጠፋ ማን ነበር ያስተማረው? ያ ከፋች የተባለው ሰው አይደል ጠመኔውን አንስቶ የቀጠለው? ፍጥነቱን መከተል ያልቻለው ልጅ ከደወል በኋላ የሚጠይቀውስ ማንን ነበር? ደመወዙ እስኪስተካከል ይጠበቅ የሚሉት ነገር ያስፈራኛል፤ ዘንድሮ 1ኛ ክፍል የገባው ልጅ አይጠብቀንም። ደመወዝ ይጨመር ብሎ ድምፁ የሚሰማውም ቢሆን ሙያውን ወዶ የገባ ሰው ነው፤ ሌላ ቦታ አጥቶ የገባው ሲመቸው ትቶ ይሄዳል። (እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ ወንድሜ።)

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ይመልሱልኝ። የሰው ልጅ መምከር ቀላል ነው፤ የራስዎ ልጅ ብትጠይቅዎትስ?

መምህርቷ፦ ጠይቃኛለች። ግቢ አልኳት፤ እንግሊዝኛዋን እንድታጠናክርና ሁለተኛ ዲግሪዋን እንዳታዘገይ ጨምሬ። አባቷ ደግሞ አካውንቲንግ ይሻልሻል ይላታል። ቅጹን ገና አልሞላችም።