መራጮቹ አይሳሳቱም ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የእንግሊዝ ክሪኬት ተንታኝ፣ ለብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ ብቻ የተሰለፈ ተጫዋች ከታላላቆቹ ተርታ ሊቆጠር እንደማይገባ ሲናገር የግሎስተርሺር ክለቡን ኳስ ወርዋሪ ቻርሊ ፓርከርን በምሳሌነት ጠቀሰ። ማስረጃው አንድ ነው፦ ብቃት ቢኖረው ኖሮ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች መራጮች አያልፉትም ነበር።

ተከሳሹን በራሱ ጉዳይ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ይሏል ይህ ነው። ፓርከር እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ እስከ 1935 ባሳለፈው የውርወራ ዘመኑ 3,278 የተጋጣሚ ኳስ መቺዎችን ከምት ተራቸው አሰናብቷል፤ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት፣ ማለትም በከፍተኛው እርከን የብዙ ቀን ግጥሚያዎች፣ ታሪክ ከእንግሊዛውያኑ ወርዋሪዎች ከሮድስና ከፍሪማን በቀር የሚበልጠው የለም። ለእንግሊዝ የተሰለፈው ግን በ1921 ማንቸስተር በሚገኘው ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ላይ ዝናብ ባበላሸው አንድ ግጥሚያ ብቻ ሲሆን፣ በዚያም ለመቺዎቹ 32 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ሁለት ሰው አስወጥቷል።

ተንታኙ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ ጋር ያደረገችውን የ1926ቱን የሊድስ ግጥሚያ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ፓርከር ከተጠሩት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ሜዳው ዝናብ ጠጥቷል፤ እንዲህ ያለው ሜዳ ሲደርቅ ኳሱን እንደ ፓርከር በግራ እጁ እያሾረ በዝግታ ለሚወረውር ሰው የተመቸ መሆኑን በጨዋታው ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ፓርከርን ከቡድኑ አስቀሩት። የእንግሊዝ አምበል አርተር ካር ማን አስቀድሞ እንደሚመታ የሚወስነው ዕጣ ሲወጣለት፣ እርጥበቱ ለወርዋሪዎቹ ይረዳል ብሎ አውስትራሊያን አስቀድሞ እንድትመታ ጋበዛት፤ በእርጥበቱ ሊጠቀም የሚችለው ሰው ግን ከሜዳ ውጭ ነበር። የአውስትራሊያው መቺ ማካርትኒ ከምሳ በፊት ብቻውን መቶ ነጥብ ሞላ፣ አውስትራሊያም 494 አስቆጠረች። በምት በኩል ፓርከር ደካማ እንደነበር አልክድም፤ ያን ቀን የጠፋው ግን መቺ አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ መራጮቹ ራሳቸው የጠሩት ሮድስ ለንደን ባለው ኦቫል ሜዳ ላይ እንግሊዝን አሸናፊ አደረጋት የሚል ካለ እውነት ነው፣ ሆኖም የኦቫሉ ድል የሊድሱን ጥፋት አያጥበውም።

ዘመኑ ለመጫወት የሚከፈለው ፕሮፌሽናልና ያለ ክፍያ የሚጫወተው አማተር በተለያየ በር ወደ ሜዳ የሚወጡበት፣ የእንግሊዝ አምበልነትም ለአማተር የተጠበቀበት ነበር፤ ፓርከር ደግሞ አንገቱን የሚደፋ ፕሮፌሽናል አልነበረም። ከመራጮቹ ሊቀመንበር ከፔልሃም ዋርነር ጋር ሆቴል ሊፍት ውስጥ ተገናኝተው ፓርከር የዋርነርን ኮሌታ እንደጨመደደው ይተረካል። ከብቃት ይልቅ ጠባይ እየተመዘነ እንደነበር ለማየት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ፓርከር በ1930፣ በ47 ዓመቱ፣ ከግሎስተርሺር ጋር ሆኖ ብሪስቶል ላይ ታላቁን መቺ ብራድማንን ያሰለፈውን የአውስትራሊያ ቡድን ገጠመ። በሁለተኛው ዙር በ54 ነጥብ ሰባት ሰው አሰናብቶ ግጥሚያውን እኩል ለእኩል አስጨረሰ። ለብሔራዊ ቡድን ግን ከዚያም በኋላ አልተሰለፈም።